የነዳጅ ማደያ የክትትል ጉድጓድ፦ ውጤቱ የሚዋዥቀው ለምንድን ነው? ናሙናውስ እንዴት ይወሰድ?

ጥያቄው፦ «ቀድሞ የነዳጅ ማደያ የነበረ ቦታ እንከታተላለን። ሦስት የክትትል ጉድጓዶች አሉ፤ ውሃው ከመሬት በታች 4 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በቤይለር (በገመድ በሚወርድ ቀጭን መቅጃ ቱቦ) እየቀዳን በሦስት ዙር ናሙና ልከናል። ታንኮቹ አጠገብ ባለው ጉድጓድ የቤንዜን መጠን መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 180 ማይክሮግራም በሊትር ሆነ፤ በሦስተኛው ‹አልተገኘም› ተባለ። ላቦራቶሪ እንቀይር ወይስ ችግሩ ከእኛ አወሳሰድ ነው?»

መልስ፦

ላቦራቶሪ ለመቀየር አይቸኩሉ። እንዲህ ያለ መዋዠቅ ሲታይ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጠርሙሱ ከመከደኑ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው፤ በጉድጓዱ አሠራር፣ በውሃው ከፍታ፣ በአቀዳዱና በአሞላሉ። (ግር እንዳይል፣ ከዚህ በታች ቤንዜን የምለው ኬሚካሉን፣ ቤንዚን የምለው ነዳጁን ነው።)

ከሁሉ አስቀድመው የሦስተኛውን ዙር ሪፖርት እንደገና ያንብቡት። «አልተገኘም» ማለት ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ላቦራቶሪው በእርግጠኝነት ሪፖርት ከሚያደርገው ዝቅተኛ መጠን በታች ነው ማለት ነው። ይህ ወለል ለቤንዜን ብዙ ጊዜ 1 ማይክሮግራም በሊትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ነገር ግን ናሙናው ውስጥ ሌሎች ኬሚካሎች በዝተው 100 ጊዜ ቀጥኖ ከተለካ ወለሉም በ100 ይባዛል። ያኔ 90 ማይክሮግራም ቤንዜን ቢኖር እንኳ «አልተገኘም» ተብሎ ይመጣል። ላቦራቶሪውን ናሙናው ስንት ጊዜ እንደቀጠነና ወለሉ ስንት እንደነበር ይጠይቁ። በመዝገብዎም ላይ «ከ1 በታች» ወይም «ከ100 በታች» ብለው ይመዝግቡ እንጂ ሰረዝ ወይም ዜሮ አያስቀምጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ልዩነቱን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ በየዙሩ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደነበር ይመልከቱ። ቤንዚን በሊትር ከ0.72 እስከ 0.77፣ ናፍጣ ከ0.82 እስከ 0.86 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝኑ ሁለቱም ከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ውሃው ሲወርድ ነዳጁም አብሮ ይወርዳል። ውሃው ሲመለስ ግን ነዳጁ ሁሉ ተከትሎ አይወጣም፤ ከፊሉ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ከውሃው በታች ይቀራል። በየወቅቱ ውሃው በወጣና በወረደ ቁጥር ይህ ነዳጅ የነካው ንጣፍ እየወፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃው ዝቅ ባለበት ወቅት የተቀዳና ከፍ ብሎ ያንን ንጣፍ ባጠለቀበት ወቅት የተቀዳ ናሙና ሁለቱም በትክክል ተወስደው እንኳ 5 እና 180 ሊሉ ይችላሉ። የውሃው ከፍታ ያልተመዘገበለት ውጤት ከሌላ ዙር ውጤት ጋር አይነጻጸርም።

ስለ ጣሪያውም፣ ማለትም ውሃው ሊይዝ ስለሚችለው ከፍተኛ የቤንዜን መጠን፣ አንድ ነገር ላክል። ንጹሕ ቤንዜን በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1.8 ግራም ገደማ ይሟሟል። በቤንዚን ውስጥ ያለው ግን ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሆነ ወደ ውሃው የሚያልፈውም በዚያው ልክ ያንሳል። ቤንዜኑ 1 በመቶ የሆነ ቤንዚን ላይ የዋለ ውሃ ሊይዝ የሚችለው 20,000 ማይክሮግራም በሊትር አካባቢ ነው። ውጤት በሺዎች ሲቆጠር ተንሳፋፊ ነዳጅ በቅርብ አለ ብለው ይጠርጥሩ፤ ከጣሪያው ካለፈ ደግሞ የነዳጅ ጠብታ ጠርሙሱ ውስጥ ገብቷል። የእርስዎ 180 ከዚህ በጣም የራቀ ነው። ተሟሙቶ የሚጓዘው ብክለት ደርሶበታል፣ ወይም ጉድጓዱ ነዳጁን በማያይበት መንገድ ተሠርቷል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ነገር ማጣራት ቀላል ነው፤ የቁፋሮውን መዝገብ ያውጡ። ለነዳጅ ክትትል የሚቆፈር ጉድጓድ ስክሪኑ (ውሃ የሚያስገባው፣ ቀዳዳ ያለበት የቧንቧ ክፍል) የውሃውን የላይኛ ገጽ መሐል አድርጎ ከላይም ከታችም ማለፍ አለበት። 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ኬሲንግ (የጉድጓዱ ቧንቧ)፣ ቀዳዳው ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 3 ሜትር ገደማ ስክሪን የተለመደ ነው፤ ከስክሪኑ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆነው ከውሃው በላይ ይቀራል፣ ውሃው ከፍ ሲል እንዳይሸፈን። የስክሪኑ የላይኛ ጫፍ 5 ሜትር ላይ ቢጀምርና ውሃው 4 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ተንሳፋፊው ነዳጅ ከጉድጓዱ ውጭ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አያገኝም። ጉድጓዱ ለዓመታት «ንጹሕ» ይላል። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ በለመደ ቆፋሪ ነው፤ ለመጠጥ የሚፈለገው ጥልቁ ውሃ ስለሆነ ስክሪኑን ወደ ታች መክተት ልማዱ ነው። የቧንቧው መገጣጠሚያ በጥርስ የሚጠመዘዝ መሆኑንም ይመልከቱ። በማጣበቂያ ተያይዞ ከሆነ ከማጣበቂያው የሚወጡ መሟሟያዎች በናሙናው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይታያሉ። ከስክሪኑ ዙሪያ የታጠበ አሸዋ ከስክሪኑ ጫፍ 0.3 እስከ 0.6 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከላዩ ቢያንስ 0.6 ሜትር የቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ) ማሸጊያ፣ ከዚያ ግራውት (የሲሚንቶ ሙሌት) ሊኖር ይገባል። ማሸጊያው ከላላ ሜዳው ላይ የሚፈሰው ነዳጅና የዝናብ ውሃ በኬሲንጉ ጎን ቁልቁል ይወርዳል፤ ያኔ የሚለኩት የሜዳውን ቆሻሻ ይሆናል።

አዲስ ጉድጓድ ደግሞ ከተቆፈረ በኋላ ደለሉ እስኪጠራ ድረስ ውሃው እየተገፋና እየተቀዳ መጽዳት፣ ከዚያም ቢቻል ለሁለት ሳምንት ማረፍ አለበት። የመጀመሪያ ናሙናዎ በቁፋሮው ማግስት ተወስዶ ከሆነ ያንን 5 ብዙም አይመኑት። ቁፋሮው አየር ያስገባል፣ ተናኝ ኬሚካሎችንም ያስወጣል።

አሁን ወደ ናሙናው ቀን።

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው፤ ሦስቱም ጉድጓዶች ሳይለኩ ከአንዱም ውሃ አይቀዳም። ክዳኖቹን ሁሉ ከፍተው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አየር የማያስገባ ክዳን ውስጡ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከትክክለኛ ቦታው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይቆያል። ከዚያ ነዳጅንና ውሃን በሚለይ ኢንተርፌስ ፕሮብ፣ ኬሲንጉ ጫፍ ላይ በተቀረጸ አንድ ቋሚ ምልክት፣ እስከ ሚሊ ሜትር ይለኩ። ተራው የውሃ ጥልቀት መለኪያ ነዳጁን አያይም፤ ብቻውን አይበቃም። የጉድጓዱን ወለል የሚለኩት ግን ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ነው። ፕሮቡ ደለሉን ከነካ ውሃው ይደፈርሳል። ወለሉ ከቁፋሮው መዝገብ በ30 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጉድጓዱ ደለል ሞልቷልና እንደገና ይጸዳ።

ተንሳፋፊ ነዳጅ ከተገኘ የውሃው ከፍታ ይስተካከላል፤ ነዳጁ ውሃውን ስለሚጫነው። ለምሳሌ ነዳጁ 4.20 ሜትር ላይ ጀምሮ ውሃው 4.50 ላይ ቢገኝ ውፍረቱ 0.30 ሜትር ነው። ይህን በነዳጁ ክብደት፣ በ0.75፣ ቢያባዙት 0.225 ይመጣል፤ ከ4.50 ሲቀነስ 4.275። የውሃው እውነተኛ ጥልቀት ብለው የሚመዘግቡት ይህንን ነው። በጉድጓድ ውስጥ የሚታየው ውፍረት ግን በአፈሩ ውስጥ ያለው ውፍረት አይደለም። በተለይ በሸክላማና በደቃቅ አፈር ጉድጓዱ ከአካባቢው ነዳጅ እየሰበሰበ ውፍረቱን አጋኖ ያሳያል፤ 30 ሴንቲ ሜትር አየሁ ብለው ቦታውን በዚያ አባዝተው የፈሰሰውን ሊትር አያስሉ።

ነዳጅ ከተገኘበት ጉድጓድ የውሃ ናሙና አይውሰዱ። ፓምፑም ቤይለሩም ነዳጁን አልፎ ስለሚወርድ ጠብታ ይዞ ይመጣል፤ የሚወጣው ቁጥር ስለ ውሃው ምንም አይናገርም። ይልቁንስ ከነዳጁ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቀድተው ዓይነቱ እንዲለይ ይላኩ፣ በሌላ ሣጥን። ነዳጅና የውሃ ናሙና በአንድ የበረዶ ሣጥን ከተጓዙ ውሃው በመንገድ ላይ ይበከላል።

ሦስት ጉድጓዶች የውሃውን አቅጣጫ ለማወቅ ይበቃሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ካልተደረደሩና የኬሲንጎቹ ጫፍ በቀያሽ መሣሪያ በሚሊ ሜትር ልክ ከተያዘ። አሠራሩ ይህ ነው። የውሃው ከፍታ በአንደኛው 97.62፣ በሁለተኛው 97.38፣ በሦስተኛው 97.20 ሜትር ቢሆን፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን በካርታው ላይ በመስመር ያገናኙ። በመካከላቸው 30 ሜትር ቢኖር ልዩነቱ 0.42 ነው፤ 97.38 የሚውለው ከከፍተኛው 0.24 ሲካፈል ለ0.42፣ ሲባዛ በ30፣ ማለትም 17.1 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ያንን ነጥብ ከሁለተኛው ጉድጓድ ጋር ሲያገናኙ እኩል ከፍታ ያለው መስመር ያገኛሉ፤ ውሃው ይህን መስመር በቀኝ ማዕዘን አቋርጦ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። በየዙሩ ያስሉት፤ አቅጣጫው በወቅት ይዞራል። «ከላይ በኩል ያለ ንጹሕ ጉድጓድ» ያሉት ለጥቂት ወራት የታች ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል።

ቀጥሎ የቆመውን ውሃ ቀድቶ ማስወጣት። በኬሲንጉ ውስጥ ቆሞ የሰነበተ ውሃ አየር ስለነካው የአካባቢውን ውሃ አይወክልም። የሚመረጠው ዘዴ በዝግታ መቅዳት ነው፤ ፓምፑን ውሃ ባለበት የስክሪኑ ክፍል መሐል፣ ከጉድጓዱ ወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ አድርገው በቀስታ ያውርዱትና በደቂቃ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይቅዱ። የጥልቀት መለኪያውን በጉድጓዱ ውስጥ ትተው የውሃውን መውረድ ይከታተሉ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይወርድ። ከወረደ ፍጥነቱን ይቀንሱ። ፍጥነት ሲበዛ ውሃው ከላይ ካለው ከቆመው ውሃ ይሳባል፣ ደለል ይነሳል፣ ስክሪኑም ይራቆትና ቤንዜኑ ወደ አየር ይሸሻል።

የሚወጣው ውሃ በፍሎው ሴል (መለኪያዎቹ በተተከሉበት ዝግ ዕቃ) አልፎ በየአምስት ደቂቃው ይነበባል። አምስት ደቂቃ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ውስጡ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር 28 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለ15 ሜትር 425 ሚሊ ሊትር። ሴሉ ግማሽ ሊትር ቢሆን ሁለቱ አንድ ላይ 925 ሚሊ ሊትር ናቸው፤ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ሲቀዱ ያ ሁሉ እስኪታደስ አምስት ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በየደቂቃው የሚያነብ ሰው ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ይለካና «ተረጋጋ» ይላል።

ተረጋጋ የሚባለው ሦስት ተከታታይ ንባቦች በእነዚህ ወሰኖች ውስጥ ሲሆኑ ነው፦ ፒኤች በ0.1፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በ3 በመቶ፣ ሬዶክስ (ውሃው ኦክሳይድ የማድረግ ኃይሉን የሚያሳይ ንባብ) በ10 ሚሊ ቮልት፣ የሟሟ ኦክስጅንና ድፍርስነት በ10 በመቶ። ኦክስጅኑ ከ0.5 ሚሊ ግራም፣ ድፍርስነቱ ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች ከሆኑ እንደተረጋጉ ይቆጠራሉ። በተበከለ ጉድጓድ መልካም አካሄድ ምን ይመስላል ቢሉ፣ ኦክስጅኑ 2.1፣ 0.9፣ 0.5፣ 0.4፣ 0.4 እያለ ይወርዳል፤ አስተላላፊነቱ ከ770 ተነስቶ 806፣ 812፣ 809 ላይ ይቆማል፤ ሬዶክሱ ወደ ኔጌቲቭ ይገባል። ነዳጅ በደረሰበት ውሃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ኦክስጅኑን ጨርሰውታልና ከ1 ሚሊ ግራም በታች መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ውሃው ነዳጅ ነዳጅ እየሸተተ መሣሪያው ኦክስጅን 5 ካለዎት መሣሪያውን ከመጠራጠርዎ በፊት የቱቦውን መጋጠሚያ ይፈትሹ፤ አየር እየገባ ነው። አየር የሚያስገባ መጋጠሚያ ቤንዜንም ያስወጣል። ይህን አንድ ንባብ በትኩረት የሚከታተል ሰው ብዙ መጥፎ ናሙና ያድናል።

ስለ ፓምፕ ምርጫ፦ ለተናኝ ኬሚካሎች ብላደር ፓምፕ (በውስጡ ያለ ከረጢት በአየር እየተጨመቀ ውሃ የሚገፋ) የተሻለ ነው፤ የሚገፋው አየር ውሃውን አይነካውም። ፔሪስታልቲክ ፓምፕ (ከላይ ሆኖ ቱቦውን እየጨመቀ የሚስብ) ቀላልና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚስበው እስከ 7.5 ሜትር አካባቢ ብቻ ሲሆን በመሳቡ ምክንያት የሚፈጠረው ዝቅተኛ ግፊት ጋዝን ከውሃው ያወጣል። ለእርስዎ 4 ሜትር ውሃ ይሠራል፣ ግን ውጤቱን ትንሽ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ቱቦው ውስጡ በቴፍሎን የተለበጠ ፖሊኢትሊን ይሁን፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ። ሲሊኮን ቱቦ ነዳጅ ስለሚመጥ ፓምፑ ራስ ላይ ካለው አጭር ቁራጭ በላይ አይጠቀሙበት።

ቤይለር ብቻ ካለዎትስ? የውሃውን መጠን አስልተው ሦስት እጥፍ ይቀዳሉ። 50 ሚሊ ሜትር ኬሲንግ በሜትር 1.96 ሊትር ይይዛል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ውሃ ካለ 7.9 ሊትር፣ ሦስት እጥፉ 23.6 ሊትር። ቤይለሩን እንዲወድቅ አይልቀቁት፤ ውሃውን ሳያናውጥ በቀስታ ይጥለቅ፣ በቀስታ ይውጣ። ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ከላይ በአፉ ሳይሆን ከታች በሚገባ ማውረጃ ቱቦ ይሁን። በቤይለር የሚቀዳ ውሃ ሁለት ተቃራኒ ጉዳት ይደርስበታል፤ መናወጡ ቤንዜን ያስተናል፣ ደለልና ነዳጅ የያዘ ቅንጣት ማንሳቱ ደግሞ ውጤቱን ይጨምራል። የትኛው እንደሚያመዝን በየዙሩ እንደ ሰውየው እጅ ይለያያል። የእርስዎ 180 እና «አልተገኘም» ከተለያዩበት ምክንያት አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ ቀጂዎቹ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ።

ዘዴውን ከቀየሩ አንድ ዙር በሁለቱም ይውሰዱ፤ መጀመሪያ በዝግታ በፓምፕ፣ ከዚያ በቤይለር። ያለዚያ ከለውጡ በኋላ የሚመጣው ልዩነት የውሃው ይሁን የዘዴው አይታወቅም።

ውሃ ቶሎ የማይሞላ ጉድጓድ ከሆነ እስከ ደረቅ መቅዳት መጥፎ ምርጫ ነው። ውሃው በደረቀ ስክሪን ላይ እየተንጠባጠበ ሲመለስ ቤንዜኑ ይተናል። በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር በሚችል ብላደር ፓምፕ ይሞክሩ፣ ወይም በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተሰቅሎ የሚቆይ የፖሊኢትሊን ናሙና ከረጢት ይጠቀሙ። ከረጢቱ ለቤንዜንና ለዘመዶቹ ይሠራል፤ ለኤምቲቢኢ (ቤንዚን ውስጥ ለማሻሻያ የሚጨመር ኬሚካል) ግን አይሆንም።

አሁን ብልቃጦቹ። ለተናኝ ኬሚካሎች የሚያገለግሉት 40 ሚሊ ሊትር የሚይዙ፣ ክዳናቸው ቴፍሎን የለበሰ ብልቃጦች ናቸው፤ ለአንድ ጉድጓድ ሦስት። ላቦራቶሪው አስቀድሞ ጥቂት ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨምርባቸዋል፤ ፒኤቹን ከ2 በታች አውርዶ ባክቴሪያዎቹ ቤንዜኑን እንዳይበሉት። ስለዚህ አይለቅለቁም፣ ሞልተውም አይፍሰሱ። ቱቦውን ከፍሎው ሴሉ በፊት ይንቀሉት፤ በሴሉ ያለፈ ውሃ ለናሙና አይሆንም። ፍጥነቱን ወደ 100 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ያውርዱ። ብልቃጡን ዘንበል አድርገው ውሃው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያለ አረፋ እንዲወርድ ያድርጉ፤ አንገቱ ሲደርስ ቀና አድርገው ውሃው ከአፉ በላይ ጎብጦ እስኪቆም በጠብታ ይጨምሩ። ይክደኑ፣ ይገልብጡ፣ መዳፍዎ ላይ መታ ያድርጉና በብርሃን ይዩት። አረፋ ከታየ ብልቃጡ ይጣል፣ በአዲስ ይተካ። ከፍቶ መሙላት አሲዱንም ቤንዜኑንም ያስወጣል። ላቦራቶሪ ሲደርስ በቅዝቃዜው ምክንያት ጥቃቅን አረፋ ሊታይ ይችላል፤ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ተቀባይነት አለው።

አሲዱ የማይሆንባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ካርቦኔት የበዛበት ውሃ አሲዱን ሲነካ ይፈላል፤ አረፋው ቤንዜኑን ይዞ ይወጣል። ያኔ አሲድ የሌለው ብልቃጥ ይጠቀሙ፤ ግን የመቆያ ጊዜው ከ14 ቀን ወደ 7 ቀን ይወርዳል። ሁለተኛው ኤምቲቢኢና መሰሎቹ የሚለኩ ከሆነ ነው። ላቦራቶሪው ናሙናውን አሙቆ የሚለካ ከሆነ አሲዱ እነዚህን ይሰብራቸውና ውጤቱ ያንሳል፤ ለእነሱ ትራይሶዲየም ፎስፌት ጨምሮ ፒኤቹን ከ11 በላይ ማድረግ ይሻላል።

ተናኞቹ ከተሞሉ በኋላ የናፍጣው፣ ከዚያ የብረታ ብረቱ፣ በመጨረሻ የናይትሬትና የሰልፌቱ ጠርሙስ ይሞላል። የናፍጣው 1 ሊትር ቡናማ ብርጭቆ ነው። ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ አያገላብጡ፤ ዘይት መስታወት ላይ ይጣበቃል፣ የተጣበቀውም ከውጤቱ ይጎድላል። ድፍርስ ውሃ በናፍጣ ምርመራ ላይ ውጤቱን ያጋንናል፤ ስለዚህ ድፍርስነቱ እስኪወርድ ታግሶ መቅዳት ዋጋ አለው። የሟሙ ብረታ ብረቶች በቦታው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አልፈው ናይትሪክ አሲድ ወዳለበት ጠርሙስ ይገባሉ።

ምን ይለካ? ቦታው ቤንዚን የነበረበት ከሆነ ቤንዜን፣ ቶሉዊን፣ ኢትልቤንዜን፣ ዛይሊን፣ ኤምቲቢኢ፣ ናፍታሊንና ጠቅላላ ቀላል ሃይድሮካርቦን፤ ናፍጣ ከሆነ ከ10 እስከ 28 ካርቦን ያለው ጠቅላላ ሃይድሮካርቦንና ባለብዙ ቀለበት አሮማቲኮች። ማደያው እርሳስ ያለው ቤንዚን ይሸጥ በነበረበት ዘመን የሠራ ከሆነ እርሳስ፣ 1,2 ዳይክሎሮኢቴንና ኢትሊን ዳይብሮማይድ ይጨመሩ። ይህ የመጨረሻው በተለመደው የተናኝ ኬሚካል ምርመራ በሚፈለገው ዝቅተኛ መጠን አይታይም፤ የአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ወሰን 0.05 ማይክሮግራም በሊትር ስለሆነ የራሱን የምርመራ ዘዴ ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሳያዙት «አልተገኘም» ቢባሉ አይደነቁ። ለቤንዜን የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ 10፣ የአሜሪካው ወሰን 5፣ የአውሮፓ ኅብረቱ 1 ማይክሮግራም በሊትር ነው።

ብክለት ከራስዎ እንዳይመጣ። በናሙናው ዕለት ጠዋት መኪናዎን ነዳጅ አይሙሉ፤ ጄኔሬተሩ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ከጉድጓዱ 10 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቆ ይቁም። ናይትሪል ጓንት በየጉድጓዱ፣ ጄኔሬተር ወይም የነዳጅ ጄሪካን በነኩ ቁጥር ደግሞ ወዲያው ይቀየራል። አንዳንድ የማይለቁ ማርከሮች ዛይሊን አለባቸውና ምልክቶቹን ቀድመው በእርሳስ ወይም በኳስ እስክሪብቶ ይጻፉ። ከንጹሑ ጉድጓድ ጀምረው ወደተበከለው ይሂዱ። ፕሮቡንና ፓምፑን በየመሐሉ ፎስፌት በሌለው ሳሙና፣ በቧንቧ ውሃ፣ በመጨረሻም በተጣራ ውሃ ያጥቡ።

ይህን ሁሉ ማድረግዎን የሚያረጋግጡልዎ ተጨማሪ ናሙናዎች ናቸው። ላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ ሞልቶ የሚሰጥዎ፣ ሳይከፈት ሄዶ የሚመለስ ብልቃጥ በየበረዶ ሣጥኑ አንድ፤ በታጠበ መሣሪያ ላይ ያለፈ ንጹሕ ውሃ በቀን አንድ፤ ከአሥር ናሙና አንዱን በሌላ ስም በጥንድ። ጥንዶቹ 120 እና 150 ቢሉ ልዩነቱ የአማካያቸው 22 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ከ30 በመቶ ካለፈ አሞላሉን ይመርምሩ፤ ከላቦራቶሪው የሪፖርት ወለል አጠገብ ባሉ ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ግን ሰፊ ልዩነት የተለመደ ነው። ሦስት ጉድጓድ ላለው ቦታ እነዚህ የናሙናውን ቁጥር በእጥፍ ያሳድጉታል። ወጪው ይከብዳል፤ ሆኖም ሦስት ዙር ቁጥር ይዞ የትኛውን ማመን እንዳለበት ከማያውቅ ሰው ወጪ ያንሳል።

ናሙናው እየቀለጠ ባለ እውነተኛ የውሃ በረዶ ከ6 ዲግሪ በታች ይቆይ፣ ራሱ ግን በረዶ ሆኖ አይርጋ፤ የርክክብ ቅጹ ላይ ማን በስንት ሰዓት እንደተቀበለ ይፈረም።

የተቀዳው ውሃ ወደ መሬት ወይም ወደ ፍሳሽ አይደፋም፤ በታሸገና በተጻፈበት በርሜል ተይዞ ውጤቱ ሲመጣ ይወሰንበታል። የቤንዚን ተን በአየር ውስጥ 1.4 በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ክዳኑን ሲከፍቱ ነፋሱን ከጀርባዎ ያድርጉ፣ አይጎንበሱበት፣ ነዳጅ ባለበት ጉድጓድ ብልጭታ የማይከላከል የኤሌክትሪክ ፓምፕ አያስገቡ።

ለእርስዎ ቦታ የምመክረው ይህ ነው። የቁፋሮውን መዝገብ ከውሃው ከፍታ ጋር ያስተያዩ። ስክሪኑ ከሰመጠ ታንኮቹ አጠገብ ያለውን ጉድጓድ በአዲስ ይተኩ፤ ያለዚያ ቀሪው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ ለአንድ ዓመት በየሦስት ወሩ፣ በአንድ ዘዴ፣ ውሃው ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚሆንባቸውን ወቅቶች ጨምሮ ይውሰዱ። ከቤንዜኑ ጋር ናይትሬት፣ የሟሟ ብረትና ሰልፌት ይለኩ። ከላይ ካለው ጉድጓድ ይልቅ በተበከለው ናይትሬትና ሰልፌት አንሰው ብረት ከበዛ ባክቴሪያዎቹ ነዳጁን እየበሉት ነው፤ የቤንዜኑ መቀነስ የእውነት መሆኑን የሚያሳይ ሁለተኛ ምስክር ይሆናል። አዝማሚያ ለማስላት ቢያንስ አራት፣ ለመተማመን ስምንት ዙር ያስፈልጋል። እስካሁን ያሉት ሦስት ውጤቶች ግን ከአዲሶቹ ጋር አይደመሩ፤ «በቤይለር፣ የውሃ ከፍታ ያልተመዘገበለት» የሚል ምልክት ተጽፎባቸው በመዝገቡ ይቆዩ። ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ካለ ደግሞ የዓመቱን ዙር አይጠብቁ፤ ከእሱ በዚህ ሳምንት ናሙና ይውሰዱ።